ቅጠሉ እስኪበርድ

የባለቤቴ አባት ጉሮሮው ተዘግቶ ሞተ። ታላቅ ወንድሙም እንደዚያው። ባለቤቴ ግን በሌላ ሕመም ሞተ። ሰው በዚህ ይኮራል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ እኔ እኮራለሁ። ለምን እንደምኮራ ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ወር አልፎኛል። በቀን አንድ ገጽ ከሞላሁ ጥሩ ቀን ነው። አንዳንድ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ እነሳለሁ፤ ስጽፍ ድምፁ ይመጣብኛል፣ ድምፁ ሲመጣ ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ ማዳመጥ እመርጣለሁ።

ጂንካ የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ከጎፋ በኩል በመምህርነት ተመድቤ ነው። ያኔ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ከከተማው መሃል ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣባቸው ቀናት ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ባለቤቴ የትምህርት ቤታችንን አዳዲስ ክፍሎች መሠረት ከሚገነቡት አንዱ ነበር። አሪ ነው፤ የተወለደው ከከተማው በላይ ባለው ዳገት፣ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ። አማርኛን የተማረው ሥራ ላይ ስለሆነ ስለ ድንጋይና ስለ ሲሚንቶ ሲናገር ማንም አይተካከለውም፤ ስለ ሌላ ነገር ሲሆን ግን ቃል ይቆጥብ ነበር። እኔን ለጋብቻ የጠየቀኝ ከአሥር በማይበልጡ ቃላት ነው። በቂ ነበሩ።

ከተጋባን በኋላ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሲወስደኝ መጀመሪያ የቀረበልኝ የቡና ቅጠል ነው። ፍሬው ለገበያ ይሄዳል፤ ቤት የሚጠጣው ቅጠሉ ነው። ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር ተወቅጦ በትልቅ ማሰሮ ይፈላና በቅል ይቀዳል። ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ ሳይጠጣው ወደ እርሻ የሚወርድ የለም። እኛም ጎፋ እንጠጣዋለን፤ ጣዕሙ አልገረመኝም። የገረመኝ ትኩሳቱ ነው። ማሰሮው ከእሳት ሳይወርድ ይቀዳል፤ ቅል ደግሞ ወፍራም ስለሆነ እጅን አያቃጥልም፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደሚፋጅ የሚነግርህ ምላስህ ብቻ ነው። እኔ እፍ እፍ ስል የባለቤቴ አጎት፣ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው፣ «ይቺ መምህርት ቅጠሉን ልትጠጣ ነው የመጣችው ወይስ እሳት ልታነድልን?» ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ።

በዚያ ቤት ለሰው የበረደ ነገር ማቅረብ፣ ለአንተ ብለን እሳት አላነደድንም እንደማለት ነው። የተቀዳለት ሰውም ቅሉን አስቀምጦ ካበረደው እሳታችሁን አልፈልግም እንዳለ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ሁሉም በትኩሱ ይጠጣል። ሕፃናት ሲቀሩ።

ቀድሞ ወንዶቹ የሚበላለጡበት ነገር ብዙ ነበር። አረቄ ነበር፣ ትምባሆ ነበር። ባለቤቴ በወጣትነቱ የትምባሆ ቅጠል ከጉንጩ ተለይቶት እንደማያውቅ ነግሮኛል። ወንጌል ሲመጣ ሁለቱም ተተዉ። ባለቤቴ ቀላል ሆኖለት አይደለም የተወው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በትምባሆው ፈንታ የዝንጅብል ቁራጭ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ግን ተወ፤ ተመልሶም አልነካውም። ከዚያ በኋላ ለጸሎት ቤት ሥራ ድንጋይ ተሸክመው ለሚውሉት ወንዶች የቀራቸው የጀግንነት መለኪያ የቅጠሉ ትኩሳት ብቻ ሆነ። ኃጢአት አይደለም፣ አያሰክርም፣ ማንም አይገሥጽበትም። ወንጌላዊው ራሱ ቆሞ ያያል፣ ይስቃል። ባለቤቴና ታላቅ ወንድሙ የሚደርስባቸው አልነበረም። ሌላው ገና ከንፈሩን ሲያስጠጋ እነሱ ባዶ ቅል ገልብጠው ያሳያሉ። የእነዚህ ጉሮሮ ብረት ነው ይባል ነበር። እኔም ሚስቱ ነኝና ደስ ይለኝ ነበር። አባታቸው ጉሮሮው ተዘግቶ መሞቱን ከዚህ ጋር ያያያዘ ሰው አልነበረም። አጥንት ወግቶት ነው ተብሎ ተቀብሯል።

ታላቅ ወንድሙ አልዱባ ወርዶ ነበር የሚኖረው። ገበያው አጠገብ ከሚስቱ ጋር ጨውና ማር ይነግዳል። በዚያ በቆላው በቅጠሉ ፈንታ የቡናው ገለባ ነው የሚፈላው፤ ትኩሳቱ ግን ያው ነው። አንድ በዓል ላይ ቤታችን ገንፎ እየበላ ሳለ ዋጥ አደረገና ቆመ። ደረቱን በቡጢ መታ፣ አለፈለት፣ ሳቅን። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ሥጋ ትቶ ነበር። ከዚያ ዳቦ ተወ። በመጨረሻ ሚስቱ ጎደሬውን በጣቷ አድቅቃ ታጎርሰው ጀመር።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተነጋገረ። ብርድ ጉሮሮው ገብቷል ተባለ። ብርድ የዘጋውን ሙቀት ይከፍተዋል፤ ይህ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ለእኔም፣ ስንት ዓመት ሳይንስ ሳስተምር ለኖርኩት፣ ግልጽ ነበር። ወንድምየው እኛ ቤት ተኛ። እኔ አፈላለሁ፤ ሚስቱ ትቀዳለች፤ ባለቤቴ ወንድሙን ከጀርባው ደግፎ ቅሉን ወደ አፉ ያስጠጋለታል። መድኃኒት ነውና ከወትሮው አብልጠን እናስፈላው ነበር። እሱም ጀግና ነውና እንባው እየወረደ ይጠጣል። ከጠጣ በኋላ ትንሽ ይለሰልስለታል፤ ያሳሳተን ይህ ነው። ከፈተልኝ ይለናል፣ እኛም እንደገና እንጥዳለን። ሦስት ወር እንደዚህ ቆየን።

ሆስፒታል ስንወስደው ባለቤቴ ብቻውን አንስቶ ባጃጅ ውስጥ አስገባው፤ ያን ያህል ቀሎ ነበር። የመረመረችው ወጣት ጤና መኮንን ናት። ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፣ ለማረጋገጥ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ አለበት፣ ግን በጣም ቆይቷል አለችን። በሽተኛው ከሚስቱ ጋር ደጅ አግዳሚው ላይ ነበር። እኔና ባለቤቴን አስቀምጣ ትጠይቀን ጀመር። ትምባሆ? ብዙ ዓመት፣ ከዚያ ተወ። አረቄ? እንደዚያው። ትኩስ ነገር ይጠጣል? ባለቤቴ እዚህ ላይ ቀና አለ። ወንድሙ እንዴት እንደሚጠጣ፣ እንደሱ የሚችል በአገሩ እንደሌለ፣ በዚህ ሕመሙ እንኳ እንዳላቋረጠ በኩራት ዘረዘረላት። የወንድሙን ክብር ማስጠበቁ ነበር።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አሁን ከታመመ በኋላ ማነው የሚያጠጣው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

አልተቆጣችውም። ብትቆጣው ይሻል ነበር። በጣም ትኩስ ነገር ጉሮሮን በየቀኑ እንደሚያቃጥል፣ ቁስሉ ሳይድን በላዩ ሌላ ቃጠሎ ሲደረብበት ለካንሰር መንገድ ሊከፍት እንደሚችል፣ ትምባሆና አረቄ ደግሞ ከዚያም የባሱ መሆናቸውን ቀስ ብላ አስረዳችን። የዚህ ሰው ሕመም ከየትኛው እንደመጣ ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም አለች። ነገር ግን ከእንግዲህ በትኩሱ እንዳይጠጣ። ቴርሞሜትር አያስፈልጋችሁም፣ በብርጭቆ ቅዱለት፣ ብርጭቆውን ያለ ጨርቅ በመዳፋችሁ ይዛችሁ መቆየት ስትችሉ ያን ጊዜ ይጠጣ አለችን። ስንወጣ የወንድሙ ሚስት ሐኪሟ ምን እንዳለች ጠየቀችን። ባለቤቴ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ልንሄድ ነው አላት። ሌላ አልጨመረም።

በሩ ላይ ባጃጅ ስንጠብቅ እጄን ያዘኝ። በሰው ፊት እጄን ይዞኝ አያውቅም።

«እኔንም ይይዘኛል» አለ።

ምን እንደሚይዘው ጠየቅሁት።

«እህል። ደረቅ ነገር ስውጥ እዚህ ላይ ይቆማል። ካለፈው መኸር ጀምሮ።» ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ።

ወንድሙ ለረዥሙ መንገድ አቅም አላገኘም፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አልሞላውም። በመጨረሻ ውሃም አልወርድ ሲለው ምጣዱን ወደ አጠገቡ እንድናመጣ ይለምን ነበር፤ የሚጠበሰውን በቆሎ ሽታ እንኳ እንዲያገኝ። ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው በረሃብ ሞተ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ከአጠገቡ ሳይለይ አየ፤ የሚያየው የራሱን ነገ እንደሆነ የምናውቀው ግን እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ሐዘኑ እንደወጣ ይዤው ሄድኩ። በወይጦ ወርደን፣ ኮንሶን አልፈን፣ ሌላ ከተማ ካለ ትልቅ ሆስፒታል ደረስን። በጉሮሮው ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው አዩት፤ ከውስጡም ትንሽ ሥጋ ቆንጥረው ለምርመራ ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ዘመድ ቤት አረፍን። በእነዚያ ቀናት ባለቤቴ የዘመዳችንን የተሰነጠቀ የአጥር ግንብ አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራው። ማንም አልጠየቀውም። ድንጋይ ሲያስቀምጥ ሳየው ስንት ግንብ ይቀረው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ውጤቱ ካንሰር የለም ሆነ። ቁስለት አለ፣ የተቃጠለና የቆሰለ ጉሮሮ ነው፣ ግን ካንሰር የለም። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ ትኩሱን ተው፣ ትምባሆና አረቄውን እንደተውክ ቅር፣ ጎመንና ፍራፍሬ ብላ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለስ አለው። ባለቤቴ ዳንኩ ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ይህን ላረጋግጥልህ አልችልም፣ አደጋውን ግን ልትቀንሰው ትችላለህ አለው። በመንገድ ላይ ስንመለስ ያንን ቃል ደጋግሞ ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። ልትቀንሰው ትችላለህ። ለሚገነባ ሰው ይህ የሚገባ ነገር ነው አለኝ፤ ጎርፍን ማስቀረት አይቻልም፣ ግንቡን ግን ማወፈር ይቻላል።

ወይጦ ላይ መኪናው ቆሞ ሻይ ቤት ገባን። አስተናጋጇ የሚጨስ ሻይ አመጣችለት። ብርጭቆውን ጨብጦ ለቀቀው፣ ጨብጦ ለቀቀው። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ሻዩን እንዳለ ትቶት ተነሳ። ከመኪናው ሆኖ በመስኮት ወደ ጠረጴዛው ይመለከት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ እፍ የሚያሰኝ ነገር በአፉ አላስገባም። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቤት ውስጥ ቀላል ነበር። ቅሎቹን ሰቅዬ ብርጭቆ አወጣሁ። ጤና መኮንኗ የማዕድ ቤት ጭስም ለሳንባ ጥሩ እንዳልሆነ ነግራን ስለነበር ከድንጋይ የጭስ መውጫ ሠራልኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየው፣ ለሌሎችም ሠራ። ጎመን እንደ ሥጋ ይወድ ጀመር። ቅጠሉ የሚበላውን የሽፈራው ዛፍ ችግኝ ከቆላ አስመጥቶ ጓሮ ተከለ፤ ግማሹ ደረቀ፣ ግማሹ በቀለ።

ከባዱ የአጎቱ ቤት ነበር።

በዚያ ዓመት አጎቱ አዲስ ቤት ሊሠራ ደቦ ጠራ። ባለቤቴ መሠረቱን የሚያወጣው እሱ ስለሆነ የመጀመሪያው ቅል የሚቀዳው ለእሱ ነው። ተቀበለና እግሩ አጠገብ አስቀመጠው። የአጎቱ ሚስት አየችው። ትንሽ ቆይታ መጣች፣ በጣቷ ነካ አደረገችው፣ ይቅርታ ጠይቃ ወሰደችና እሳት ላይ መልሳ ጨምራ ሌላ አመጣችለት። እሱም አመስግኖ አስቀመጠው። እሷም እንደገና ወሰደችው። ሦስተኛው ላይ አጎትየው ምርኩዙን ከጭኑ ላይ አወረደ።

«በቤቴ እሳት የለም ወይ?» አለ።

ባለቤቴ አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። ሐኪም ከልክሎኛል፣ ወንድሜን የገደለው ይህ ሳይሆን አይቀርም ቢል ማንም አይጣላውም ነበር። ግን የወንድሙ ሚስት ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች፤ የሐዘን ነጠላዋን ገና አላወለቀችም። ያንን ሦስት ወር ሙሉ ከማሰሮው ወደ ቅሉ የቀዳችው እሷ ናት። በመንገድ ላይ ስንመጣ ለእሷ እንዴት ተብሎ ይነገራል ብሎኝ ነበር። የማይነገር ከሆነ ግን ዘመዶቹን ከማስቀየም ወይም ከመጠጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ከወንዶቹ አንዱ፣ ከተማ ካገባ ወዲህ ምላሱ ለስልሷል ብሎ ወረፈው። ሁሉም እኔን ዞሮ አየ።

ባለቤቴ ቅሉን አነሳ። በሁለት እጁ አቅፎ ወደ አፉ አስጠጋው። ከዚያ ቅሉን እንደያዘ ወደ አጎቱ ዞሮ፣ አሪኛውን በአማርኛ እየቀላቀለ ለእኔም እንዲገባኝ፣ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር የሠራውን ግንብ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቃቸው። አላስታወሱም። ማውራት ጀመረ። ልጅ ሳለ የአንድ ሹም ግቢ ግንብ ሲሠራ በሩን ረስቶ ዙሪያውን እንዴት እንደዘጋው፣ ሹሙ ከነበቅሎው ውስጥ እንደቀረ፣ በቅሎዋን በገመድ ለማውጣት ስንት ሰው እንደተሰበሰበ። ያ ቃል የሚቆጥብ ሰው፣ እኔን በአሥር ቃላት ያገባኝ ሰው፣ እያስመሰለ፣ የበቅሎዋን ፊት እያሳየ አወራ። አንዱ እንዴት በር ይረሳል ሲለው መሠረት የሚያወጣ ሰው ወደ ታች ነው እንጂ ወደ ፊት አያይም ብሎ መለሰለት። ቤቱ ተንጫጫ። ቅሉ ከእጁ አልወረደም፤ ስለዚህ የአጎቱ ሚስት ልትወስደው አትችልም። በቅሎዋ ስትወጣ ቅጠሉ በርዶ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ጠጣውና ባዶውን ገልብጦ አሳያቸው።

አጎትየው እስኪያስለው ድረስ ስቆ ሲያበቃ የራሱን ቅል አየ። ጨዋታውን ሲሰማ ረስቶት ነበር፤ በርዷል። ባለቤቴን ትክ ብሎ አየው። ሽማግሌ ነው፣ የገባው ይመስለኛል። የበረደውን ጠጣው።

ስንመለስ ታሪኩ እውነት መሆኑን ጠየቅሁት። ሹሙም በቅሎዋም አልነበሩም አለኝ፤ ግንቡ ግን ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየሄደበት ቤት ቅሉን አቅፎ ያወራ ጀመር። መጀመሪያ ታሪኮቹ አጫጭር ነበሩ፤ ቅጠሉ ሳይበርድ ያልቁበትና ሲጨነቅ አየው ነበር። ቀስ በቀስ ልክ አገኘላቸው። ቤት ሆኖ እኔ ላይ ይለማመድ ነበር፤ እኔ ብርጭቆ ይዤ እቀመጣለሁ፣ እጄ ሲችለው ምልክት እሰጠዋለሁ፣ እሱ ታሪኩን የት እንደሚያስረዝም ያውቃል። ቡናውን በወሬ የሚያበርድ ሰው እያሉ ቀለዱበት። ግን ሲመጣ ሰው ይሰበሰብ ነበር፤ የተሰበሰበውም አፉን ከፍቶ ሲሰማ የያዘውን ይረሳል። ስንት ሰው በእነዚያ ዓመታት ሳያውቀው የበረደ እንደጠጣ እግዚአብሔር ይወቅ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለምርመራ ተመለስን። ቁስሉ ሽሯል። ሐኪሙ ምን እንዳደረገ ሲጠይቀው ባለቤቴ አወራሁ አለው።

ያንን ውጤት ይዘን እንደተመለስን አልዱባ ወረድን፤ የወንድሙ ሚስት አሁን ብቻዋን ትነግዳለች። ገበያው ሲበተን ጨውዋን እየሸፈነች ሳለ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሴቶቹን ሰብስባ ምን እንዳስተማረቻቸው ትነግረን ጀመር። ስለ ትኩስ ነገር ስትደርስ አቆመች።

«አንተ ለዚህ ነው የማትጠጣው፤ ወሬ የምታበዛው» አለችው።

ባለቤቴ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እኔ ነኝ እንግዲህ የቀዳሁለት» አለች።

«ቅሉን ከአፉ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ» አለ ባለቤቴ። «ሐኪም የጠየቀችኝም ማን አጠጣው ብላ ነው፤ ማን ቀዳ አላለችም። መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ አትመልሺ።»

የጨውዋን ከረጢት አፍ ለማሰር ረዥም ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ሁሉን ጠየቀችው፤ እሱም ምንም ሳይደብቅ፣ ትምባሆውንም አረቄውንም፣ ሐኪሞቹ እርግጠኛ አይደለንም ማለታቸውንም ነገራት። አላለቀሰችም። ብዙ ወራት ግን ቤታችን አልመጣችም። ባለቤቴ አጠፋሁ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም አላውቅም እለው ነበር፤ እውነትም አላውቅም ነበር።

በዓመቱ በገና አጎቱ ቤት ተሰበሰብን። እሷም ከአልዱባ ወጥታ መጣች፤ ካርቶን ሙሉ ብርጭቆ ተሸክማ። የአጎቱን ሚስት አስቀምጣ እኔ ልቅዳ አለች። ቀዳችና ብርጭቆውን አልሰጠችም። በመዳፏ ጨብጣው ቆመች። ሁሉም ያያታል። ሲፋጃት ወደ ሌላኛው እጇ ታዛውረዋለች። መዳፏ ሲችለው ለአጎትየው በሁለት እጇ ሰጠችውና፣ እሳቱን እኔ ቀምሼልሃለሁ አለችው። ከዚያ ሁለተኛውን ያዘች። ሰው ብዙ ነበር፤ ረዥም ጊዜ ፈጀ። ወረፋው የደረሰው ሰው ቀና ብሎ ይጠብቃት ጀመር። ለእያንዳንዱ ቆማለታለች፤ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ከየት ይመጣል? አጎትየው ባለቤቴን፣ በል አንተ እንግዲህ ሥራ ፈታህ፣ ወሬህን የሚፈልግ የለም አለው። ባለቤቴ ግን ብርጭቆ ሳይይዝም አወራ፤ ለምዶበት ነበር።

አሁን በዚያ ዳገት ላይ ባሉ ብዙ ቤቶች ቅጠሉ በእጅ ተይዞ ነው የሚሰጠው። ሁሉም ቤት አይደለም። በቅል በትኩሱ የሚጠጡ፣ በእኛ የሚስቁም አሉ። ከቤተሰባችን ግን ከወንድሙ በኋላ ጉሮሮው የተዘጋ ሰው የለም። በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። ሐኪሙ እንዳለው፣ መቀነስ ነው እንጂ ማስቀረት አይደለም። ትምባሆ ያልቀመሱ፣ ሁልጊዜ የበረደ የጠጡ ሰዎችም ይታመማሉ፤ ከትምህርት ቤታችን አንዲት ባልደረባዬን እንደዚያ ቀብሬያለሁ። እኔ የምኮራው ባለቤቴ በእጁ ያለውን ሁሉ ስላደረገ ነው፤ ማንንም ሳያስቀይም፣ ያቺን ሴት ሳይሰብር፣ ከዕለት ወደ ዕለት፣ ማንም በማያጨበጭብለት ነገር።

የሞተው ባለፈው ዓመት ነው። ደም ግፊት እንዳለው አናውቅም ነበር፤ ይህንን ባለማስመርመራችን ራሴን እወቅሳለሁ፤ ለሚያነብ ሁሉ የምለው ግፊታችሁን ተለኩ ነው። አንድ ቅዳሜ የልጃችንን ቤት አጥር ሲጠግን ውሎ ከሰዓት በኋላ መጣ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠና የተቀቀለ ጎደሬ በጎመን፣ በላዩም የተረፈ ዳቦ በላ። ደረቅ ነው፣ ወጥ ልጨምርልህ ስለው አያስፈልግም አለ። ሲያላምጥ እያየሁት ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲውጥ ማየት ልማዴ ሆኖ ነበር፣ እሱም ያውቃል፣ አንዳንዴ ለማስቂያ ውጦ አፉን ከፍቶ ያሳየኛል። ጨረሰና ተጨማሪ ጠየቀ። ሰጠሁት። እሑድ ጠዋት ለጸሎት ቤት ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳንደርስ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ጎረቤት ያመጣው ይቀርባል፣ ይነሳል። እንዳልበላ የሚያደርገኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ አፌ ላይ ሳደርሰው ጉሮሮዬ እምቢ ይል ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ የወንድሙ ሚስት ከአልዱባ ደረሰች፤ አርጅታለች፣ በልጅ ተደግፋ ነው የገባችው። አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ሰው ስላለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የመጨረሻ ቀኑ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። ሁሉን ነገርኳት። ምን በላ አለችኝ። ጎደሬ አልኳት፣ ጎመን፣ ዳቦ። ጠገበ ወይ አለችኝ። ጨምሪልኝ ብሎ በላ አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ከቀረበው ትሪ እንጀራ ቆረሰች፣ አለዘበችው፣ ወደ አፌ አመጣችው።

«የእኔን ታውቂያለሽ፤ ተርቦ ነው የሄደው» አለች። «ያንቺ በልቶ ጠግቦ ሄደ። ባሏን እንዲህ አድርጋ የሸኘች ሴት አትራብም። ብዪ፣ እህቴ።»

ዋጥኩት። ወረደ።